ደንገል ከሌለ ታንኳ የለም

ከደብረ ታቦር ከተማ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ሲመለከቱ ጉና ተራራ ቆሞ ይታያል። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። ከጉና ወደ ምዕራብ የሚወርደው ውሃ ከፊሉ ርብን፣ ከፊሉ ጉማራን ይሞላል። ሁለቱም ወንዞች የፎገራን ሜዳ አቋርጠው ጣና ይገባሉ። የደጋው ገበሬ ውሃውን ሲሸኘው እንጂ ሲደርስ አያየውም። እኛ የሐይቁ ዳር ልጆች ግን ሲደርስ እያየን ነው ያደግነው። አንዳንዴ ዓሣ ይዞልን ይመጣል። አንዳንዴ ደግሞ ቤታችንን ከብቦ ያድራል።

ይህ ጽሑፍ ስለ ታንኳ ነው። «ታንኳ ለገበሬ ምኑ ነው? ለገበሬ የሚበጀው በሬና ሞፈር ነው» የሚል አንባቢ አይጠፋም። እውነቱን ነው፤ ደጋ ላይ ሆኖ ላየው እንዲያ ይመስላል። ነገር ግን ታንኳ የሚሠራበት ደንገል፣ ደንገል የሚበቅልበት ዳርቻ፣ ዳርቻውን የሚደፍነው የደጋ አፈር፣ ሁሉም እንደ ሰንሰለት የተያያዙ ናቸው። ሰንሰለቱ አንድ ቦታ ላይ ሲበጠስ ምን እንደሚሆን በልጅነት ካየሁትና ከዚያም ወዲህ ከሆነው እያነሣሁ አጫውታችኋለሁ።

ታንኳና ቤተሰባችን

ጣና በኢትዮጵያ ትልቁ ሐይቅ ነው። ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ይህን ያህል ሰፊ ይሁን እንጂ ጥልቅ አይደለም፤ ጥልቅ የሚባለው ቦታ እንኳ 14 ሜትር ያህል ቢሆን ነው። ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛል። ደብረ ታቦር ደግሞ 2,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሆነች፣ ከከተማይቱ እስከ ሐይቁ ያለው ቁልቁለት 900 ሜትር ገደማ ነው ማለት ነው።

ቤታችን በፎገራ፣ ርብ ወደ ጣና ከሚገባበት ብዙ ሳይርቅ ነበር። አባቴ ገበሬ ነው። ጤፍና ሽምብራ ይዘራል፤ የፎገራ ላሞች ያረባል። ታንኳ ግን በቤታችን እንደ ሦስተኛ በሬ ይቆጠር ነበር። አያቴ «በሬ መሬቱን ያርሳል፣ ታንኳ ውሃውን ያርሳል» ይሉ ነበር። በታንኳ ዓሣ እናጠምዳለን። በታንኳ እህል ወደ ገበያ ይሄዳል፤ ማገዶም ይመጣበታል። ለንግሥ በዓል ወደ ጣና ቂርቆስ የሚሄዱ ሰዎችም በታንኳ ነበር የሚሻገሩት።

ሥራው ይህ ከሆነ ፍቅሩስ ከየት መጣ? ፍቅሩ የመጣው ከእሑድ ነው። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ውሃው ገና ሳይነሣ፣ አባቴ ታንኳውን ይጎትትና «ማን ይወጣል?» ይላል። እኛ ሰባቱ ልጆች እንሻማለን። በአንድ ጊዜ ከሦስት ልጅ በላይ አይጭንም። ተራ ያልደረሰው ዳር ላይ ቆሞ ያለቅሳል። የደረሰው ደግሞ ፊት ለፊት ተቀምጦ እጁን ውሃ ውስጥ እየነከረ፣ የርኩሙን መንሳፈፍ እያየ፣ የታንኳው ሆድ ውሃውን ሲከፍል የሚያሰማውን ድምፅ ያዳምጣል። ቀዘፋ የሚማር ልጅ መጀመሪያ የሚሰጠው ዘንግ አይደለም። «ዝም ብለህ ተቀመጥ» ነው የሚባለው። በታንኳ ላይ ዝም ብሎ መቀመጥ የቻለ፣ መቅዘፉን በሳምንት ይለምደዋል።

እናቴ የደጋ ሰው ነበረች። ከጉና ግርጌ ነው ለአባቴ የዳሯት። ስትመጣ ከወንዝ በቀር ውሃ አይታ አታውቅም። የመጀመሪያውን ዓመት ታንኳ ላይ እግሯን አላነሣችም። ልጅ ከወለደች በኋላ ግን ለመደችው፤ ኋላማ ከሁላችንም ቀድማ «ዛሬ ውሃው ተኝቷል፤ ተነሡ እንውጣ» የምትለው እሷ ሆነች።

አንድ ጊዜ አጎታችን፣ የእናቴ ወንድም፣ ድንችና ገብስ በአህያ ጭኖ ከደጋ ሊጠይቀን ወረደ። አያቴ በታንኳ ሊያንሸራሽሩት ወደ ውሃው ወሰዱት። አጎቴ ታንኳውን በእግሩ ነካ አደረገና ወደ ኋላ አለ።

«ይሄ እኮ ሣር ነው አባባ! እህቴን ሰጠኋችሁ፤ አሁን ደግሞ እኔን ለአምባዛ ልትሰጡኝ ነው?» አላቸው።

አያቴ ሳቁ። «ተቀመጥ ልጄ። ደንገል ሰውን አይከዳም። ሰው ነው ደንገልን የሚከዳው» አሉት።

አጎቴ ተቀመጠ፤ ደረቱን ይዞ፣ ዓይኑን ጨፍኖ። ሲመለስ ግን «እስቲ አንድ ጊዜ ድገሙኝ» ብሎ ሁላችንንም አሳቀን። አያቴ የተናገሩትን ያን ጊዜ እንደ ቀልድ ነበር የሰማነው። ቁም ነገር መሆኑን የተረዳነው ብዙ ዘመን ካለፈ በኋላ ነው።

ታንኳ እንዴት ይሠራል?

ደንገል በሐይቅና በረግረግ ዳር የሚበቅል ረጅም ተክል ነው። ቁመቱ አራትና አምስት ሜትር ይደርሳል። አገዳው ክብ አይደለም፤ ሦስት ማዕዘን ነው። ውስጡ ነጭና እንደ ሰፍነግ የሳሳ ነው። በዚያ ነጭ ሥጋ ውስጥ አየር ሞልቷል። ደንገል የሚንሳፈፈው በዚህ ምክንያት ነው እንጂ ሌላ ምሥጢር የለውም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ የበሰለው ደንገል ከሥሩ ከፍ ተደርጎ በማጭድ ይታጨዳል። ከዚያ ለቀናት ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ይደርቃል። እርጥብ ደንገል ከባድ ነው፤ ከመጠን በላይ የደረቀ ደግሞ ይሰበራል። ልኩን የሚያውቀው የሠሪው እጅ ነው። ሲደርስ በነዶ በነዶ ይታሰራል። ማሰሪያው ከዛፍ ቅርፊት የተላጠ ልጥ ወይም ከራሱ ከደንገሉ ልጣጭ የተገመደ ገመድ ነው። ነዶዎቹ ጎን ለጎን ተደርድረው በጉልበት፣ እግር እየተረገጠባቸው ይጠፈራሉ። የፊተኛው ጫፍ እየቀጠነ ወደ ላይ ይቀና ዘንድ ይታጠፋል። ይህ ቀና ያለ አፍንጫ ነው ማዕበሉን የሚከፍለው። በመጨረሻም ሆዱ ውስጥ ሌላ የደንገል ጉዝጓዝ ይነጠፋል፤ ሰውም ጭነትም ከውሃ ከፍ ብሎ እንዲቀመጥ ነው።

ምስማር የለበትም። ቀለም የለበትም። ከገበያ የሚገዛ አንድ ነገር እንኳ የለበትም። አንዲት ደንገል በጣት ትሰበራለች፤ መቶዋ ተጠፍራ ግን ቤተሰብ ትሸከማለች። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን ተረት እኛ በዓይናችን ያየነው በታንኳ ነው።

ጉድለትም አለው። ደንገል ውሃ ይጠጣል። ስለዚህ ታንኳ ከውሃ በተመለሰ ቁጥር ወደ ደረቅ ተጎትቶ ፀሐይ መሞቅ አለበት። በዚህ ሁሉ እንክብካቤ እንኳ የሚያገለግለው ለጥቂት ወራት ነው። ከዚያ ይከብዳል፤ ይበሰብሳል፤ ሌላ ይሠራል። እንግዲህ ልብ በሉ፦ ታንኳ እንደ ማረሻ አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚቀመጥ አይደለም። ታንኳ እንዲኖር ደንገል በየዓመቱ መኖር አለበት።

ሠሪዎቹስ እነማን ናቸው?

በጣና ዙሪያ የታንኳ ሥራ አባቶች ወይጦዎች ናቸው። ወይጦዎች ከጥንት ጀምሮ ከሐይቁ ጋር የኖሩ ሕዝብ ናቸው። ቀድሞ ጉማሬ ያድኑ ነበር። በኋላ ኑሯቸው ዓሣ ማጥመድ፣ ታንኳ መሥራትና ከደንገል ዕቃ መሥራት ሆነ። የራሳቸው ቋንቋ ነበራቸው፤ ዛሬ ጠፍቷል፤ አማርኛ ተናጋሪዎች ናቸው። ብዙዎቹ የእስልምና ተከታዮች ናቸው።

ጉማሬ ይበሉ ነበር ተብሎ ጎረቤት ሁሉ ይጸየፋቸው ነበር። አብሯቸው አይበላም። አይጋባቸውም። መሬት እንኳ እንደ ሌላው ገበሬ አልነበራቸውም።

ለቤታችን ታንኳ የሚሠሩልን አንድ ሽማግሌ ወይጦ ነበሩ። ሲመጡ እኛ ልጆች ከበን እንቀመጣለን። የእጃቸው ጣቶች ከልጥ መጎተት የተነሣ እንደ ቀንድ የጠነከሩ ነበሩ። ሲሠሩ ያንጎራጉራሉ፤ ስንጠይቃቸው ሁሉንም ይነግሩናል። የምሳ ሰዓት ሲደርስ ግን ምሳቸው በሌላ ገበታ፣ ከእኛ ተለይቶ ይቀርብ ነበር። «ለምን አብረውን አይበሉም?» ብለን ስንጠይቅ «ልማድ ነው» እንባላለን። እሳቸውም ሰምተው እንዳልሰሙ ሥራቸውን ይቀጥላሉ።

ይህን ልማድ ምን እንበለው? አብሯቸው ማዕድ ለመቁረስ የሚጠየፍ ሰው፣ ማዕበል በተነሣ ቀን ነፍሱን አሳርፎ የተቀመጠው በእሳቸው የእጅ ሥራ ላይ ነው! ሸክላ ሠሪውን «ቡዳ» እያለ በሸክላው ወጥ የሚሠራ፣ አንጥረኛውን እየናቀ በሠራለት ማረሻ የሚያርስ ሰውም እንዲሁ ነው። ባለሙያ የተናቀበት አገር ሙያው አያድግም። ልጆቹ ከአባታቸው ሥራ ይሸሻሉ። ሽማግሌው ሲያልፉ ዕውቀታቸውም አብሮ ይቀበራል።

የሐይቁ ደንብ

በ1971 ዓ.ም. ሐምሌ ወር የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በመላ አገሪቱ ተጀመረ። በእኛም ቀበሌ ዋርካ ሥር ሰሌዳ ተሰቀለ። አባቴ ቀን ሲያርስ ውሎ ማታ ፊደል ይቆጥር ነበር። ጣቱ ዘንግ እንጂ እርሳስ አልለመደም፤ እርሳሱን እንደ መቅዘፊያ ጨብጦ ሲይዘው እናስቅበት ነበር።

አንድ ቀን መምህሩን «ለመሆኑ ወረቀት ከምን ይሠራል?» ብሎ ጠየቀ። መምህሩም ዛሬ ወረቀት በብዛት ከእንጨት እንደሚሠራ፣ በጥንት ዘመን ግን የግብፅ ሰዎች ከደንገል ይሠሩ እንደነበር፣ ደንገልን ፈረንጆች ፓፒረስ እንደሚሉት፣ በብዙ የአውሮፓ ቋንቋዎች የወረቀት ስም የመጣው ከዚሁ ቃል እንደሆነ አስረዳ። አባቴ በሳቅ ፈረሰ። «እንግዲያውስ ያን ሁሉ ዘመን ብራና ላይ ተቀምጬ ስቀዝፍ ኖሬአለሁ በሉኛ!» አለ።

ማንበብና መጻፍ ሲችል አባቴ በደብተሩ ላይ በመጀመሪያ ከጻፋቸው ነገሮች አንዱ ከአያቴ የሰማው የሐይቁ ደንብ ነበር። ደንቡ ዛሬም ለሚቀዝፍ ሁሉ ስለሚጠቅም እነሆ።

አንደኛ፦ ጎህ ሲቀድ ውጣ፣ ከቀትር በፊት ግባ። ጣና ጠዋት ይተኛል፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሣበታል። ሁለተኛ፦ ዳርቻውን ሳትለቅ ቅዘፍ፤ አቋራጭ ያማረው አጭር መንገድ ሲፈልግ ረጅም መንገድ ይሄዳል። ሦስተኛ፦ ታንኳህ ውሃ ከጠጣ አታባብለው፤ አውጥተህ አድርቀው። አራተኛ፦ ጭነት ከሰው በፊት ይወርዳል፤ ማዕበል ከመጣ እህሉን ጣል፣ ሰውን አትርፍ። አምስተኛ፦ በታንኳ ላይ ማንም አይቆምም፣ ማንም አይጣላም፣ የሰከረ አይሳፈርም።

ይህ ደንብ በጽሑፍ ባይሰፍር ኖሮ አያቴ ሲያልፉ አብሮ ባለፈ ነበር። መጻፍ ማለት ደብዳቤ መላክ ብቻ አይደለም። መጻፍ ማለት ሽማግሌው የሚያውቀውን ለልጅ ልጅ ማሻገር ነው። ይህም ራሱን የቻለ ታንኳ ነው።

ታንኳ ያተረፈው ነፍስ

የፎገራ ሜዳ ለጥ ያለ ነው። በነሐሴ ርብና ጉማራ ሲሞሉ፣ ሐይቁም ከፍ ሲል፣ ሜዳው ባሕር ይሆናል። ከቤት ወደ ቤት የሚኬደው በታንኳ ነው።

ከእነዚያ ነሐሴዎች በአንዱ ሌሊት ጎረቤታችንን ምጥ ያዛት። ሁለት ቀን ሙሉ አልተገላገለችም። በእግር መውጫ የለም፤ ውሃው እስከ ደረት ነው። በቅሎ አይገባም። አባቴና የሴትዮዋ ባል አዲሱን ታንኳችንን አወጡ። ጉዝጓዙን ጨምረው፣ በላዩ ጋቢ አንጥፈው አስተኟት። እናቴ፣ ያቺ ውሃ ትፈራ የነበረች ደገኛ፣ ራስጌዋ ተቀምጣ ጃንጥላ ይዛላት ሄደች። ያ ሜዳ በበጋ ሽምብራ የሚዘራበት ማሳ ነው፤ በዚያን ዕለት ግን በማሳው ላይ ቀዘፉ። ደረቅ መሬት ሲደርሱ ሰው በቃሬዛ ተቀብሎ ወደ ወረታ አደረሳት። እናትም ልጅም ተረፉ። ልጁ ዛሬ የልጆች አባት ነው።

በዚያ ሌሊት ታንኳው ባይኖርስ? ታንኳው እንዲኖር ያደረገው ደግሞ ከጥቂት ሳምንታት በፊት ከዳርቻው የታጨደ ደንገል ነው።

ደንገል ዓለምን ሲዞር

ታንኳ የድሃ መጓጓዣ ነው ብለው የሚንቁት ሰዎች አሉ። ታሪኩን ቢያውቁ ባልናቁት ነበር።

በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት መድፍ ያሠሩት አፄ ቴዎድሮስ የጣናን ውሃ ያለ ሥራ አላለፉትም። በ1858 ዓ.ም. በሐይቁ ዳር፣ የፈረንጆችን የእንፋሎት መርከብ ወሬ ሰምተው፣ ከደንገል ትልልቅ ጀልባዎች አሠርተው በእጅ የሚዞር ተሽከርካሪ መቅዘፊያ እንዳስገጠሙባቸው በዘመኑ የነበሩ አውሮፓውያን ጽፈዋል። መሣሪያ አልነበራቸውም፤ በእጃቸው ባለው ደንገል ጀመሩ። «ሳይርቅ በቅርብ፣ ሳይደርቅ በእርጥብ» ይሏል ይህ ነው።

ከዚያ ወዲህ መቶ ዓመት አልፎ፣ ቶር ሄየርዳል የተባለ ኖርዌያዊ ተመራማሪ አንድ ጥያቄ አነሣ። «የጥንት ሰዎች በደንገል ጀልባ ታላቁን ውቅያኖስ ሊሻገሩ ይችሉ ነበርን?» አለ። መልሱን ለማግኘት ከጣና 12 ቶን ያህል ደንገል አሳጭዶ ወደ ግብፅ ወሰደ። በፒራሚዶቹ ግርጌ ከቻድ ሐይቅ የመጡ ባለሙያዎች ጀልባ ሠሩለት። ስሟ «ራ» ተባለ። በግንቦት 1961 ዓ.ም. ከሞሮኮ ተነሥታ አትላንቲክን ስታቋርጥ 5,000 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄደች በኋላ ጅራቷ ሰምጦ ሰዎቹ ጥለዋት ወጡ። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ የደንገል ጀልባ አሠራ። በዚህ ጊዜ ሠሪዎቹ በደቡብ አሜሪካ ከቲቲካካ ሐይቅ የመጡ ሰዎች ነበሩ። «ራ ሁለት» በ57 ቀን ተሻግራ በ1962 ዓ.ም. ሐምሌ ወር ባርባዶስ ደረሰች።

እንግዲህ በጣና ዳር፣ በቻድ ዳር፣ በቲቲካካ ዳር የሚኖሩ ሰዎች ሳይተዋወቁ አንድ ዓይነት ጥበብ አላቸው። የጣና ደንገል ለውቅያኖስም የታጨ ነበር። የእኛው ልጆች ግን ይህን አያውቁትም።

ደንገሉ ወዴት ሄደ?

በልጅነቴ ከቤታችን እስከ ውሃው ድረስ ያለው ዳርቻ በደንገል የተሸፈነ ነበር። ውስጡ የገባ ጥጃ ሳይታይ ይውላል። ዛሬ ዳርቻው በብዙ ቦታ ራቁቱን ነው። ምክንያቱ አንድ አይደለም።

የመጀመሪያው እርሻ ነው። ሩዝ ወደ ፎገራ ሜዳ የመጣው በ1970ዎቹ ዓ.ም. ነው፤ በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እርዳታ በጅግናና በሻጋ የገበሬዎች አምራች ማኅበራት ተሞከረ። ሩዙ በረከት ሆነ። ውሃ ሲተኛበት ምንም የማይሰጥ መሬት እህል ሰጠ፤ ብዙ ቤት ከረሃብ ወጣ። ይህን ማንም አይክድም። ነገር ግን እርሻው ቀስ በቀስ ወደ ውሃው ተጠጋ። በሬው ደንገሉ ሥር ገባ።

ሁለተኛው የሐይቁ መጉደል ነው። ዓባይ ከጣና በሚወጣበት በጨረጨራ ውሃውን የሚቆጣጠር ግድብ ተሠርቷል። በ1995 ዓ.ም. ዝናብ በማነሱና ለኤሌክትሪክ ኃይል ብዙ ውሃ በመለቀቁ ሐይቁ በእጅጉ ወረደ። መርከቦች ወደብ መድረስ ተስኗቸው ለወራት ቆሙ። ውሃው ሲሸሽ ደንገሉ ደረቅ ላይ ቀረ። ገበሬውም የሸሸውን ውሃ ተከትሎ የሐይቁን ወለል አረሰ። ውሃው በኋላ ተመለሰ፤ ብዙው ደንገል ግን አልተመለሰም።

ሦስተኛው አፈር ነው። ደጋው ሲራቆት፣ የጉና ጎን ሲታረስ፣ ርብና ጉማራ ውሃ ሳይሆን ጭቃ ይዘው ይወርዳሉ። የወንዞቹ ወለል በደለል ይሞላል፤ ውሃው ከአልጋው ወጥቶ ሜዳ ይገባል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያ በፎገራና በሊቦ ከምከም የደረሰው ጎርፍ ብዙ ሺህ ሰው አፈናቅሏል። በዚያን ጊዜ በእኛ ሰፈር ታንኳ የነበራቸው ቤቶች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ይባል የለ? የሐይቅ ልጅ ደግሞ ጎርፍ መጥቶ መሻገሪያ አጣ!

አራተኛው እምቦጭ ነው። ይህ መጤ አረም በጣና መታየቱ በይፋ የታወቀው በ2004 ዓ.ም. አካባቢ ነው። በፎገራ፣ በሊቦ ከምከምና በደራም ዳርቻ ተንሰራፋ። ቅጠሉ ውሃውን እንደ ምንጣፍ ሸፍኖ ታንኳ አያስወጣም፣ መረብ አያስጥልም። ገበሬው እስከ ወገቡ ውሃ ገብቶ በእጁ ለቀመው። ከደጋ የሚታጠበው ለም አፈርና ከማሳ የሚወርደው ማዳበሪያ ግን ለአረሙ ምግብ ነው።

ሌላም ለውጥ አለ። በ1970ዎቹ ማብቂያ በጣና የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ለዓሣ ማጥመጃ ተስፋፋ። ሞተሩ ጠላት አይደለም። ሩቅ ያደርሳል፤ ነፋስን ይቋቋማል። ነገር ግን ሞተር በገንዘብ ይገዛል፤ ነዳጅ ይጠጣል። ታንኳ የሚጠይቀው ደንገል፣ ልጥና እጅ ብቻ ነው። ድሃ ዓሣ አጥማጅ ሁለተኛ አማራጭ ያለው ደንገሉ ካለ ነው።

የደንገል ጥቅም ደግሞ ለታንኳ ብቻ አይደለም። ደንገል የሐይቁ ወንፊት ነው። ከወንዝ የመጣውን ጭቃ ያስቀራል። ቆሮሶና አምባዛ ጫጩቶቻቸውን በጥላው ያሳድጋሉ። ወፎች ጎጆ ይሠሩበታል። ማዕበሉ ማሳውን እንዳይበላ ይከላከላል። ስለዚህ ደንገሉን መንጥሮ ሁለት ጥማድ መሬት ያገኘ ገበሬ፣ በአንድ እጁ ያገኘውን በሌላ እጁ ይጥለዋል። ዓሣው ይርቃል፤ ጎርፉ ይቀርባል።

ምን ይደረግ?

ጣናና ዙሪያው በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ተብሎ ተመዝግቧል። መዝገብ መልካም ነው። መዝገብ ብቻውን ግን ደንገል አይተክልም። የሚተክለው እጅ ነው።

የዳርቻው ገበሬዎች ሆይ! ደንገል ከሥሩ ካልተነቀለ መልሶ ያቆጠቁጣል። ስታጭዱ ከፍ አድርጋችሁ እጨዱ፤ ሥሩን አትቆፍሩ፤ አታቃጥሉት። በየቀበሌው ተመካክራችሁ ከውሃው ዳር ሞፈር የማይገባበት ወሰን አብጁ። ደንገል በጠፋበት ቦታ ከነሥሩ ቁራጭ አምጥታችሁ በረግረጉ ትከሉ፤ በቀላሉ ይይዛል። እስኪጠነክር ከብት አታስገቡበት።

የደጋው ገበሬዎች ሆይ! እናንተ በጉና ጎን የምትሠሩት እርከን ታች ያለውን ታንኳ ያንሳፍፋል። አፈራችሁ ከማሳችሁ ሲወጣ እናንተም ትደኸያላችሁ፣ እኛም እንሰጥማለን። አፈሩ እዚያው ከቀረ ግን ገብሳችሁም ያፈራል፣ ውሃችንም ይጠራል።

ታንኳ ሠሪዎችን በሚመለከት ደግሞ፦ ሥራቸውን በዋጋው ግዙ፤ በማዕዳችሁም አስቀምጧቸው። ማንበብና መጻፍ የምትችሉ ወጣቶች ደብተርና እርሳስ ይዛችሁ ከሽማግሌዎቹ ዘንድ ተቀመጡ። ደንገል በየትኛው ወር ይታጨዳል? ስንት ቀን ይደርቃል? የትኛው ዛፍ ልጥ ይጠነክራል? አፍንጫው እንዴት ይታጠፋል? ይህን ጻፉ። የወይጦዎች ቋንቋ ሳይጻፍ የሟሟ ቋንቋ ነው። ሙያቸው የቋንቋቸው ዕጣ እንዳይደርሰው ጊዜው አሁን ነው።

ይህን ጽሑፍ በቡድን የምታነቡ ሁሉ፣ ከጨረሳችሁ በኋላ ተነጋገሩበት። በእናንተ አካባቢ ቀድሞ የነበረ፣ ዛሬ ግን እየጠፋ ያለ ተክል የትኛው ነው? በእሱ ላይ የቆመው ሙያ ማን ያውቀዋል? ያ ሰው በምን ገበታ ነው ምሳ የሚቀርብለት?

ደንገል ሰውን አይከዳም። አያቴ እንዳሉት፣ የሚከዳው ሰው ነው። ሰው ከፈለገ ግን መልሶ ይተክለዋል።